«የ100 ዓመት ጎርፍ» በየመቶ ዓመቱ አይመጣም
ድልድይ ወይም ትልቅ የጎርፍ መውረጃ ቦይ «የ100 ዓመት ጎርፍ እንዲችል ተደርጎ ተነደፈ» ሲባል፣ ብዙ ሰው ዘንድሮ ከደረሰ ቀጣዩ ለልጅ ልጆቻችን ነው ብሎ ይረጋጋል። አይደለም። ያን ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጎርፍ በማንኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ዘንድሮ መድረሱ የከርሞውን አይቀንሰውም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመከሰት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ፣ በ100 ዓመት ውስጥ ደግሞ 63 በመቶ ነው (100 አለመሆኑን ልብ ይሏል)። የመንገድ ዳር ቱቦዎች በአብዛኛው ለዚህ አይነደፉም፤ የሚታሰብላቸው በጣም አነስተኛ ጎርፍ ስለሆነ አልፎ አልፎ ቢሞሉ የግድ የሥራ ጉድለት አይደለም። ስሌቱ የቆመው ግን በቀድሞ የዝናብ መዝገብ ላይ ነው። ሜዳው አስፋልትና ጣሪያ ሲለብስ፣ ይሰርግ የነበረው ውሃ ወደ ቦዩ ይሮጣል፤ በወረቀት የ100 ዓመት የተባለው ቦይም በተግባር የ30 ዓመት ጎርፍ ብቻ የሚችል ሊሆን ይችላል።