የሰማይ ገበታ፦ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ክላውድ ናይን የሚበላውና የሚጠጣው

ክላውድ ናይን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቢዝነስ ክላስ ስም ነው። አየር መንገዱ ዛሬ ፈርስት ክላስ የለውም። ስለዚህ ከፊት የሚቀመጠው ሁሉ የሚበላው ከአንድ ገበታ ነው፤ ሚኒስትሩም፣ ነጋዴውም፣ በሸባማይልስ (የአየር መንገዱ የደንበኞች ጉርሻ) ነጥብ ከኋላ ወደ ፊት የተሻገረውም። ስለ አየር መንገዱ አውሮፕላኖችና መዳረሻዎች በአማርኛ ብዙ ተጽፏል። ስለሚያበላውና ስለሚያጠጣው ግን አንድ ቦታ የተሰበሰበ ጽሑፍ አይገኝም ማለት ይቻላል። እዚህ ያለው ከአየር መንገዱ ታሪክ፣ ስለ ጣዕም ከተደረጉ ጥናቶችና ተሳፋሪዎች ከሚያወሩት የተለቃቀመ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዳኮታ እስከ ኤርባስ

በዓለም ላይ የመጀመሪያው የአየር መንገድ ምግብ ሲባል የሚጠቀሰው በጥቅምት 1919 የቀረበ የታሸገ ምሳ ነው። ከለንደን ወደ ፓሪስ በሚበር የሃንድሊ ፔጅ ኩባንያ አውሮፕላን ላይ በ3 ሺሊንግ ተሸጠ።

የኛ አየር መንገድ ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ጋር በተደረገ ስምምነት በ1945 መጨረሻ ተቋቋመ። በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 ዳኮታዎች ነበሩ። ተሳፋሪው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰራል። እዚህ ውስጥ ስለ ወይን ምርጫ ማውራት ቀልድ ነው።

መስተንግዶ ወግ የያዘው ረጅም በረራ ሲመጣ ነው። በ1958 ዲሲ-6ቢ ገባና ፍራንክፈርት ተደረሰ። በ1962 መጨረሻ ደግሞ ቦይንግ 720ቢ መጣ፤ የጄት ዘመን ተጀመረ። ፈርስት ክላስ የሚባለው ነገር፣ ነጭ ጠረጴዛ ልብስና ሻምፓኝ ያለበት፣ በዚያ ጊዜ የዓለም አየር መንገዶች ሁሉ የክብር ጉዳይ ነበር። አዲስ አበባም በአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫነቷ መሪዎችና ዲፕሎማቶች የሚመላለሱባት ከተማ ሆነች። አየር መንገዱ እንግዳ አቀባበልን እንደ ሥራው ዋና ክፍል አድርጎ መያዙ አያስገርምም።

በደርግ ዘመን አገሩ ሲታመስ አየር መንገዱ መብረሩን አላቋረጠም፤ በ1984 ቦይንግ 767 ተረክቦ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ያለ ማረፍ አመጣው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በወንበር ይቆጠራል። በ2012 የገባው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር 24 የክላውድ ናይን ወንበሮች ነበሩት። በ2016 የመጣው ኤርባስ ኤ350 ደግሞ 30 ወንበሮች ነበሩት። በ2024 ከአፍሪካ በቀዳሚነት የተረከብነው ኤ350-1000 ደግሞ 46 አለው። የወንበሩ መብዛት ለማድ ቤቱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለ24 ሰው በእጅ እየቀዱ ማቅረብና ለ46 ሰው ያንኑ ማድረግ አንድ አይደለም።

ከፍታና ምላስ

ምግብ ሰማይ ላይ ጣዕሙ ይጠፋል ሲባል ሰምታችኋል። ወሬ ብቻ አይደለም። የጀርመኑ አየር መንገድ ሉፍታንዛ ተሳፋሪዎቹ አየር ላይ የቲማቲም ጭማቂ ለምን እንደዚያ እንደሚያዘወትሩ ግራ ገብቶት ነበር። ምድር ላይ ዞር ብለው የማያዩት ሰዎች ናቸው። የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ጉዳዩን ለማጥናት የአውሮፕላን ክፋይ ግፊቱ በሚቀነስ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሰዎችን አበላበት። በ2010 የወጣው ውጤት ጨው የሚሰማን ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ስኳር ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀንሶ እንደሆነ አሳየ። ኮምጣጣውና የሚያቃጥለው ግን ብዙም አልተነካም። በ2015 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ጨመሩ። የሞተሩ ጩኸት፣ 85 ዴሲቤል ገደማ የሚሆነው፣ ጣፋጩን ያደበዝዛል። ሥጋ፣ እንጉዳይና የበሰለ ቲማቲም ውስጥ ያለውን ደልደል ያለ ጣዕም ግን ያጎላዋል።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ቦሌ እንምጣ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው። የድሮ አውሮፕላኖች ውስጣቸው ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ይመሳሰላል። በድሪምላይነርና በኤ350 ግን ወደ 1,800 ሜትር ወርዷል። በግፊቱ ከሄድን፣ ከአዲስ አበባ በድሪምላይነር የሚነሳ ሰው ወደ ሰማይ ሲወጣ ሰውነቱ ወደ ታች እየወረደ ነው። ናዝሬት የገባ ያህል ነው። ወጡን የሚቀምሱት የቦሌ ሼፎችም ከተሳፋሪው በላይ ከፍ ብለው ነው የሚቀምሱት። ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላበት ከተማ ማብሰል የለመዱ ናቸው።

ለኛ ሰው እንግዲህ ችግሩ ከፍታው ሳይሆን ድርቀቱና ጩኸቱ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። አፍንጫ ይደርቃል። አፍንጫ የደረቀበት ሰው ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሁሉ የምግብ ሽታ ይርቀዋል።

ዶሮ ወጥን በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። በርበሬው ያቃጥላል፤ የሚያቃጥለው ከፍታ ላይ አይደበዝዝም። ቀይ ሽንኩርቱ ለሰዓታት ተቁላልቶ ያ ደልደል ያለ ጣዕም ወጥቶለታል። ቅቤው ተነጥሮ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበታል። አንድም ሰው ለአውሮፕላን ብሎ አልሠራውም፤ ግን ለአውሮፕላን የተሠራ ይመስላል። በዚያው ትሮሊ ላይ ከሚመጣው ነጭ ሶስ ከለበሰ ዓሣ ጋር ሲወዳደር ማን እንደሚያሸንፍ መናገር አያስፈልግም።

ከማድ ቤት እስከ ወንበር

የአየር መንገዱ ካተሪንግ ቦሌ ላይ ነው ያለው። የራሱን በረራዎች ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባ የሚያርፉ ሌሎች አየር መንገዶችንም ያስተናግዳል። አሠራሩ በየትኛውም አገር እንዳለው ነው። ምግቡ ይበስላል፤ ወዲያው በኃይለኛ ማቀዝቀዣ ይቀዘቅዛል፤ ተመዝኖ በሳህን ይደረጋል፤ እንደቀዘቀዘ ይጫናል። አየር ላይ እሳት የለም። ያለው የሚያሞቅ ምድጃ ነው። ስለዚህ ስቴክ ሲሞቅ ይደርቃል። ወጥ ግን ሲሞቅ ይጣፍጣል እንጂ አይበላሽም። የትናንት ወጥ እንደሚጣፍጥ የማያውቅ ቤት የለም።

አስቸጋሪዋ እንጀራ ናት። ምድጃ ውስጥ አትገባም። ክፍት ከተተወች በዚያ ደረቅ አየር ዳርዳሯ ወዲያው ይቆማል። መፍትሔው ተጠቅልላና ተሸፍና መቆየቷ ነው። የሚከፈተው ሲቀርብ ብቻ ነው።

አቀራረቡን ጠጋ ብለን እንየው። መጀመሪያ ሳይነሳ የእንኳን ደህና መጣችሁ መጠጥ ይዞራል። ትኩስ ፎጣ ይመጣል። ከተነሳ በኋላ ለውዝ ቢጤ ከመጠጥ ጋር፣ ከዚያ ቀዝቃዛው መጀመሪያ፣ ከዚያ ሾርባ። ዋናው ሲደርስ አስተናጋጇ በሐበሻ ቀሚስ ትሮሊውን እየገፋች ትመጣለች። ወጦቹ በየሳህናቸው ተደርድረዋል፤ ቀዩ፣ አልጫው፣ ጎመኑ፣ አይቡ። እንጀራው እንደ ጥቅል ሆኖ በጎን አለ። ተሳፋሪው እያየ ይመርጣል፤ እሷ በማንኪያ ታወጣለች። ዋናው ምግብ ተሳፋሪው ዓይን ፊት ከትሮሊ ላይ የሚወጣበት አየር መንገድ ዛሬ ብዙ አይደለም። ፈረንጁ ሹካ ይፈልጋል። አጠገቡ ያለው ሐበሻ እጁን ታጥቦ ጨርሷል። ጉርሻ ግን በመስተንግዶ መመሪያ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ቻይና በሚደረጉ በረራዎች የቻይና ምግብ፣ ወደ ሕንድ በሚደረጉት የሕንድ ምግብ ይጨመራል። ቻይና በ1973 የተከፈተ መስመር ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ እንደ ዓለሙ ሁሉ ነገሩ ወደ ታሸገ ሳጥን ወርዶ ነበር፤ አየር መንገዱም የተሳፋሪ አውሮፕላኖቹን ለጭነት አዞረ።

ጾም

ቪጋን ተሳፋሪ ለብዙ አየር መንገዶች አዲስ ራስ ምታት ነው። ለኛ ማድ ቤት ግን ረቡዕ ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ገበታ ዓመቱን ሙሉ ያስፈልጋል። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን በዘይት። ከአዲስ አበባ በሚነሳ በረራ ላይ አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች ሃይማኖታቸው ሳያስገድዳቸው ይህን ሲመርጡ ይታያል። አሪፍ ምርጫ ነው።

ወይን፣ ጠጅ

በወይን ጉዳይ ውድድሩ ከባድ ነው። ቢዝነስ ትራቭለር የተባለው መጽሔት ከ1985 ጀምሮ የአየር መንገዶችን ወይን እያስቀመሰ ይሸልማል። ኤምሬትስ በፈረንሳይ ቡርጎኝ መጋዘን ይዞ ወይን ለዓመታት ያስረጃል። ክላውድ ናይን እዚህ ውድድር ውስጥ ከፊት ነኝ ብሎ አያውቅም። ዝርዝሩ በየጊዜው ይቀያየራል፤ በአብዛኛው የፈረንሳይ ሻምፓኝ እና ጥቂት ነጭና ቀይ ናቸው።

ሰማይ ላይ ወይን ሲመረጥ የራሱ ዘዴ አለው። የፍራፍሬው ሽታ ይቀንሳል። ኮምጣጣነቱና አፍ የሚያደርቀው ነገር ይጎላል። ስለዚህ ምድር ላይ ዝነኛ የሆነው ኮስታራ ቀይ ወይን አየር ላይ ሊያሳፍር ይችላል። ለስላሳና ፍሬው የበዛበት ይሻላል።

ይህ ወደ አገር ውስጡ ወይን ያመጣናል። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የቆየው ነው፤ አንዳንዱ ምንጭ ምሥረታውን በ1940ዎቹ፣ አንዳንዱ በ1950ዎቹ ያደርገዋል። ጉደር፣ አክሱሚትና ከሚላ የማን ሰርግ ላይ አልነበሩም? አዲሱ ግን የካስቴል ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ዝዋይ ላይ የፈረንሳይ ዝርያዎች ተከለ፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ። ካስቴል እንዲመጣ ሐሳቡን ያቀረቡት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እንደነበሩ ይነገራል። ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉት ወይኖች በ2014 ገበያ ወጡ። የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። ከድሪምላይነር ውስጠኛ ከፍታ ብዙም አይርቅም።

የአገር ወይን በክላውድ ናይን ዝርዝር ላይ የታየባቸው ጊዜያት አሉ። ሁሉም ተሳፋሪ አልተደሰተም። ይህን ያህል ከፍሎ ለምን የዝዋይ ወይን ይጠጣል የሚል አለ። በሌላ በኩል የፈረንሳይ ወይን የትም ይገኛል፤ የስምጥ ሸለቆን ወይን ሌላ ማን ያቀርብለታል የሚልም አለ። ሁለተኛው ትክክል ነው። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን ሁለቱም ቀይ ወይኖች አይሆኑም፤ በርበሬና ቀይ ወይን ተገናኝተው እሳት ይሆናሉ። እዚያ ላይ የሚያዋጣው ጠጅ ነው። ማሩ ቃጠሎውን ያበርዳል፤ ጌሾው ደግሞ ጣፋጭነቱን ይገታዋል። ጠጅ የሚቀርብባቸው በረራዎች አሉ። ካጋጠማችሁ አትለፉት።

ቡና

ቡና አየር ላይ ጎደሎ ነው። መቁላት የለም፤ እሳትና ጭስ የተከለከለ ነው። ዕጣንም የለም። በአንዳንድ ረጅም በረራዎች ቡናው በጀበና ተይዞ በስኒ ይቀዳል፤ ቁም ነገሩ ግን ሥርዓቱን ማስታወስ ነው። ሙሉውን ሥርዓት የሚፈልግ ቀደም ብሎ ቦሌ ክላውድ ናይን ላውንጅ ይግባ። እዚያ ቡና የምታፈላ ሴት ከነረከቦቷ ተቀምጣለች። እንጀራና ወጥም አለ። አንዳንዱ እዚያው ጠግቦ አውሮፕላኑ ላይ ተኝቶ ይሄዳል።

ሲሄዱና ሲመለሱ

ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ የቦሌ ከፍታ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ እንዲነሳ ስለማይፈቅድለት አውሮፓ ወይም ምዕራብ አፍሪካ ላይ ያርፋል። ደብሊን፣ ሮምና ሎሜ በተለያየ ጊዜ ለዚህ አገልግለዋል። ስለዚህ ገበታው ለሁለት ይከፈላል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን 13 ሰዓት ገደማ በአንድ ትንፋሽ ነው።

የመልሱ ምግብ በአየር መንገዶች ልማድ በአብዛኛው የሚጫነው ከሚነሳበት ከተማ ካለ ካተሪንግ ነው። ስለዚህ ወጡ ከቦሌ ሲወጣና ወደ ቦሌ ሲመለስ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። የሐበሻውን ገበታ መቅመስ የሚፈልግ እንግዳ ከአዲስ አበባ በሚነሳው በረራ ቢጀምር ይሻለዋል። ለጾም፣ ለስኳር ሕመም ወይም ለልጅ የተለየ ምግብ የሚያስፈልገው ሰው ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ያስመዝግብ፤ ከየትኛውም ከተማ ሲነሳ የጾሙ ቅርብ አቻ ቪጂኤምኤል በሚል ኮድ የሚታዘዘው ነው።