የርቀት መቆጣጠሪያ ሰሌዳን ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ጋር ማገናኘት

የርቀት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ማሞቂያው ወይም ማቀዝቀዣው ካለበት ቦታ ርቆ፣ ሰዎች በሚኖሩበት ወይም በሚሠሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ ይተከላል፤ የክፍሉን ሙቀት እየለካም መሣሪያው መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚቆም ያዛል። በሁለቱ መካከል የሚዘረጋው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም የማቀዝቀዣ ጋዙን የሚጨምቀውን ክፍል፣ የሚያሽከረክረውን ኃይል አይሸከምም፤ የሚሸከመው ትእዛዝ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በብዛት የሚመነጨው ገመዱ ምን ዓይነት ትእዛዝ እንደሚሸከም ሳያረጋግጡ ከመጀመር ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ዋረን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1883 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት (ሙቀትን ተከትሎ የሚሠራ መቆጣጠሪያ) የክፍሉ ሙቀት ሲለወጥ ለማሞቂያው ሠራተኛ በደወል የሚያስታውቅ ነበር። ሰውን ከመካከል ያወጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው፣ የከሰል ምድጃን የአየር መግቢያ በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋው የአልበርት ቡትዝ መሣሪያ ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ግንኙነቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የመሣሪያው ሙሉ ኃይል በራሱ በሰሌዳው ውስጥ የሚያልፍበት ሲሆን፣ በግድግዳ ሥር በሚተከሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ላይ ይታያል፤ የሽቦው ውፍረትም ሆነ የብሬከሩ መጠን እንደ ማንኛውም የኃይል መስመር ይሰላል። ለዝቅተኛ ቮልቴጅ የተሠራ ሰሌዳ በዚህ መስመር ላይ ከተገጠመ ወዲያውኑ ይቃጠላል።

ሁለተኛውና በሰሜን አሜሪካ በስፋት የሚሠራበት የ24 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ሥርዓት ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለ ትራንስፎርመር 24 ቮልት ያወጣል፤ ሰሌዳው ይህን ቮልቴጅ በ«አር» ተርሚናል ተቀብሎ ለሚፈለገው ሥራ ወደተመደበው ሽቦ ይመልሰዋል፦ ለማቀዝቀዝ ወደ «ዋይ»፣ ለማሞቅ ወደ «ደብሊው»፣ ለአየር ማራገቢያው ወደ «ጂ»። በሂት ፓምፕ (ያው አንዱ መሣሪያ በሚያሞቅበትም በሚያቀዘቅዝበትም ሥርዓት) ላይ የማቀዝቀዣ ጋዙን አቅጣጫ የሚቀይረው ቫልቭ የራሱ ሽቦ አለው፤ በአንዳንድ አምራቾች መሣሪያ ቫልቩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በማቀዝቀዝ ጊዜ («ኦ»)፣ በሌሎቹ ደግሞ በማሞቅ ጊዜ («ቢ») ነው። ይህ ምርጫ በሰሌዳው ላይ ከተገላበጠ ሙቀት የፈለገ ሰው ቅዝቃዜ ያገኛል፤ ሽቦው ግን ምንም ስሕተት የለበትም። ቀይ ለ«አር»፣ ቢጫ ለ«ዋይ» የሚለው የቀለም ልማድም ልማድ ብቻ በመሆኑ፣ ሽቦው በሌላኛው ጫፍ ከየትኛው ተርሚናል ጋር እንደታሰረ ሳይታይ ቀለሙን ማመን አይገባም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉም የሚያስቸግረው የጋራ መመለሻው፣ ማለትም «ሲ» ነው። የቀድሞዎቹ ሜካኒካዊ ቴርሞስታቶች ሰርኪውት ከመዝጋትና ከመክፈት በቀር ሥራ ስላልነበራቸው ይህን ሽቦ አይፈልጉም ነበር፤ በብዙ አሮጌ ቤቶች ግድግዳ ውስጥም አይገኝም። ስክሪንና ገመድ አልባ ኢንተርኔት ያላቸው ሰሌዳዎች ግን ዘወትር ኃይል ይሻሉ። መመለሻው ሲጎድል አንዳንዶቹ በኮንታክተሩ ወይም በሪሌው (በማግኔት ኃይል የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው) መጠምጠሚያ በኩል ጥቂት ኮረንቲ እየሳቡ ለመኖር ይሞክራሉ፤ በዚህም ኮንታክተሩ ይንቀጠቀጣል ወይም ስክሪኑ ይጠፋል። አስተማማኙ መፍትሔ አዲስ ገመድ መሳብ ነው። ይህ ካልተቻለ ሰሌዳው የሚቀበለው ከሆነ የተለየ ትራንስፎርመር ማከል ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለት ትራንስፎርመሮች ባሉበት የማሞቂያውንና የማቀዝቀዣውን «አር» የሚያገናኘው ማሰሪያ መነሣት አለበት፤ አለበለዚያ ሁለቱ ምንጮች እርስ በርስ ይጋጫሉ።

የሽቦው ውፍረትም ቸል አይባልም። የተለመደው 0.8 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ መዳብ ሲሆን፣ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ደርሶ ሲመለስ ተቃውሞው 1.3 ኦም ያህል ነው፤ ግማሽ አምፔር የሚስብ ኮንታክተር በመንገድ ላይ ከአንድ ቮልት በታች ያጣል ማለት ነው። በቀጭን የስልክ ሽቦ ሲተካ ግን ኪሳራው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ ያልተሳበ ኮንታክተር ደግሞ እያጉረመረመ መገናኛዎቹን ያቃጥላል።

ሦስተኛው ዓይነት ትእዛዙን በዲጂታል መልእክት የሚልክ ነው። በስፕሊት ማቀዝቀዣዎች (የውስጥና የውጭ ክፍላቸው ለየብቻ በሚተከል) ላይ ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሽቦ ብቻ ይያያዛል፤ ኃይልም መረጃም በእነዚሁ ያልፋል። የኃይል መስመርን በስሕተት ወደ እነዚህ ተርሚናሎች ማስገባት የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን ያበላሻል። በትልልቅ ሕንፃዎች የሚያገለግለው አርኤስ-485 የተባለ የመረጃ ማስተላለፊያ መስመር በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1,200 ሜትር ይደርሳል፤ ነገር ግን ገመዱ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው በተከታታይ እንጂ ከአንድ ማዕከል ወደ ሁሉም ተበትኖ መዘርጋት የለበትም፤ በሁለቱ ጫፎችም 120 ኦም ተቃዋሚ ይታሰራል። እያንዳንዱ መሣሪያ የማይደገም አድራሻ ሊኖረው ይገባል። የመከላከያ ሽፋን ያለው ገመድ ሲሆን ሽፋኑን በአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬት ጋር ማገናኘት የተለመደ ነው። የትእዛዝ ገመድ ከኃይል ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ መግባት የለበትም።

ሰሌዳው ከወለል 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ በማያርፍበትና የተነፋ አየር በቀጥታ በማይመታው የውስጥ ግድግዳ ላይ ይተከላል። ከኋላው ያለው የገመድ ቀዳዳ መደፈን አለበት፤ በግድግዳው ባዶ ውስጥ የሚያልፍ አየር ሴንሰሩን ያሳስተዋልና።

ከመገናኘቱ በፊት ኃይሉ በብሬከሩ ይቋረጣል፣ ኃይል አለመኖሩም በቴስተር ይረጋገጣል፤ ሁለት ጫፎች ለቅጽበት መነካካታቸው የቦርዱን ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላልና። ሥራው ሲጠናቀቅ በ«አር» እና በ«ሲ» መካከል 24 ቮልት ያህል መገኘት ይኖርበታል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ትእዛዝ ለየብቻው ይሞከራል። ማቀዝቀዣው ከታዘዘ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም ቢል ሽቦውን ለመፈታታት መቸኮል አያስፈልግም፤ ብዙ ሰሌዳዎችና ቦርዶች ኮምፕሬሰሩን ከተደጋጋሚ መነሣት ለመጠበቅ ሲሉ እስከ 5 ደቂቃ ያቆዩታል።