የአውቶካድ መስመር ውፍረት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአያት ወዲያ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ የሚሠራ የጂ+1 ቤት ፕላን ብዙ ጊዜ አውቶካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም የሚነደፈው በአንድ ላፕቶፕ፣ የሚታተመው በሌላ ማሽን ነው። ፋይሉ በፍላሽ ይሄዳል። ወረቀቱ ሲወጣ ግድግዳውም፣ የልኬት መስመሩም፣ የሴራሚኩ ሃችም (ቦታውን የሚሞላው የመስመር ንድፍ) እኩል ወፍሮ ወይም እኩል ቀጥኖ ይገኛል፤ ሳይት ላይ ያለው ግንበኛም የቱ ግድግዳ የቱ ልኬት እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ወቀሳው ፕሪንተሩ ላይ ያርፋል። ፕሪንተሩ ግን ያተመው የታዘዘውን ነው።

«ስክሪኑ ላይ ካልወፈረ የሰጠሁትን የውፍረት ቁጥር አልተቀበለም»

ተቀብሏል። አውቶካድ እንደተጫነ የውፍረት ማሳያው ዝግ ነው። ከታች ስታተስ ባሩ ላይ ያለችውን የ«ላይንዌይት» (የመስመር ውፍረት) ምልክት መጫን ይበቃል፤ ምልክቷ ከሌለች በቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት አግድም መስመሮች ነክተው ከዝርዝሩ ያውጧት። ከተከፈተም በኋላ ሞዴል (ሥዕሉ የሚሠራበት ገጽ) ላይ የሚያዩትን አይመኑ። እዚያ ውፍረት የሚለካው በፒክስል ስለሆነ ዙም ሲያደርጉ አይለወጥም፤ 0.13 ሚሊ ሜትርን ከ0.18 በዓይን መለየትም ዘበት ነው። እውነተኛውን መጠን የሚያሳየው ለኅትመት የሚዘጋጀው ገጽ፣ ሌይአውት ነው።

«የፖሊላይን ዊድዝ እና ላይንዌይት አንድ ናቸው»

ፖሊላይን ተያይዞ እንደ አንድ የሚቆጠር መስመር ነው። ዊድዙ የሥዕሉ አካል ነው፤ ከስኬሉ ጋር ያድጋል፣ ያንሳል። በሚሊ ሜትር በተሣለ ፕላን ላይ ዊድዙ 25 የሆነ ፖሊላይን በ1:100 ሲታተም 0.25 ሚሊ ሜትር፣ በ1:50 0.5 ሚሊ ሜትር፣ በ1:20 ዲቴይል ላይ ደግሞ 1.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኮለኑ ዲቴይል ላይ ፌሮው እንደ ቧንቧ ወፍሮ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ላይንዌይቱ 0.50 የሆነ መስመር ግን በሦስቱም ስኬል 0.5 ሆኖ ይወጣል። ለማስተካከል ፖሊላይኖቹን በ«ኩዊክ ሰሌክት» ሰብስበው ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ግሎባል ዊድዝ» የሚለውን 0 ያድርጉ፤ ከዚያ ውፍረቱን ለሌየሩ (መስመሮቹ በዓይነት ለተመደቡበት ንብርብር) ይስጡ።

«ሌየሩ ላይ ከቀየርኩ ሁሉም ይቀየራል»

የሚቀየረው ውፍረቱ «ባይሌየር» (ሌየሩን ተከተል) የሆነው ብቻ ነው። ከሌላ ሰው ፋይል ተቀድቶ የመጣ በር ወይም የሽንት ቤት መቀመጫ የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ብሎክ (እንደ አንድ ዕቃ የታሰረ ሥዕል) ውስጥ ከተደበቀ ደግሞ ፕሮፐርቲስ ላይ እንኳ አይታይም። «ሴትባይሌየር» የሚለው ትእዛዝ ያጸዳዋል። ከመምረጥዎ በፊት ግን «ሴቲንግስ» ገብተው ከላይንዌይት በቀር ሌላውን ምልክት ያንሱ። ካላነሱ ቀለሙም አብሮ ይመለሳል፤ ቀለም መመለሱ ምን እንደሚያበላሽ ቀጥሎ ይታያል። ብሎኮችን ይጨምር ወይ ብሎ ሲጠይቅ «አዎ» ይበሉ።

«ሌየር ላይ የሰጠሁት ቁጥር ወረቀት ላይ ይወጣል»

ብዙ ወረቀት የሚያስጥለው ስህተት ይሄ ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የሲቲቢ ፋይሉ ነው። ሲቲቢ ከ1 እስከ 255 ላሉት ቀለሞች ለእያንዳንዳቸው የኅትመት ደንብ ይይዛል። የውፍረት ረድፉ ላይ «ዩዝ ኦብጀክት ላይንዌይት» የሚል ካለ ሌየሩን ይታዘዛል፤ ከአውቶካድ ጋር የሚመጣው «ሞኖክሮም» እንዲህ ነው። ቁጥር ከተጻፈበት ግን ሌየሩ ተሽሯል። ቀይ 0.13 ነው ከተባለ፣ ቀዩ የግድግዳ ሌየር 0.50 ቢልም የሚወጣው 0.13 ነው። ስለዚህ ወይ በሌየር ወይ በቀለም፣ አንዱን ይምረጡ፤ መቀላቀል አያዋጣም።

ሁለተኛው ወጥመድ ፍላሹ ላይ ነው። ሥዕሉ የሚይዘው የሲቲቢውን ስም እንጂ ሲቲቢውን አይደለም። የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ያንን ፋይል ካላገኘ መስመሮቹን በራሳቸው ቀለምና ውፍረት ያትማቸዋል፤ ውፍረታቸው «ዲፎልት» የሆነውም በሙሉ 0.25 ሆነው ይወጣሉ። መፍትሔው በራስዎ ማሽን ፒዲኤፍ አድርጎ መውሰድ ነው። ዲደብሊውጂው (የአውቶካድ ፋይሉ) ራሱ መሄድ ካለበት በ«ኢትራንስሚት» ይጠቅልሉት፤ ሲቲቢው አብሮ መግባቱን ዝርዝሩ ላይ ይዩ።

ጥቁርና ነጭ ኅትመት ላይ አንድ ሃች ብቻ በቀለም ብቅ ካለ ቀለሙ ከ«ትሩ ከለር» የተመረጠ ነው። ሲቲቢ እሱን አያዘውም። ከ1 እስከ 255 ካሉት በአንዱ ይተኩት።

«ኤ1ን ወደ ኤ3 ማሳነስ ምንም አያመጣም»

ኤ1 841 በ594፣ ኤ3 420 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎኑ በግማሽ ያንሳል። ሰፈር ውስጥ ኤ1 የሚያትም ፕሎተር ሲጠፋና ፎቶኮፒ ቤቱ ፒዲኤፉን ሲያሳንስ፣ 0.50 ወደ 0.25፣ 0.13 ወደ 0.065 ይወርዳል። ቀጭኑ መስመር ኮፒ ሲደረግ ይጠፋል። 1:50 የነበረውም 1:100 ሆኗል፤ ርዕሱ ላይ ግን አሁንም 1:50 ይላል።

ከአውቶካድ በቀጥታ በ«ፊት ቱ ፔፐር» ካሳነሱት ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፦ ሥዕሉ ያንሳል፣ ውፍረቱ ባለበት ይቀራል፣ ደረጃውና ሃቹ ጥቁር እድፍ ይሆናሉ። የፕሎት መስኮቱ ላይ «ስኬል ላይንዌይትስ» ላይ ምልክት ያድርጉ፤ የሚሠራው ግን ከሌይአውት ሲታተም ብቻ ነው።

የሚሻለው ሳይት የሚገባው ወረቀት ኤ3 ከሆነ ሌይአውቱን ከመነሻው ኤ3 አድርጎ መሥራት ነው። ለ1:100 ኤ3 የሚሆን መነሻ በሚሊ ሜትር፦ የተቆረጠ ግድግዳና ኮለን 0.35፣ በርና መስኮት 0.18፣ ልኬትና ጽሑፍ 0.13፣ ሃች 0.09። ለ1:50 ኤ1፦ 0.50፣ 0.25፣ 0.18 እና 0.13።

«0.00 ማለት አይታተምም ማለት ነው»

ይታተማል፤ ማሽኑ በሚችለው ቀጭን መስመር። 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ላይ አንድ ነጥብ 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንዳይታተም ከፈለጉ ሌየሩ ላይ ያለውን የፕሪንተር ምልክት ይዝጉ።

«ፒዲኤፉ ላይ ወፍሮ ከታየ ወረቀቱም ላይ ይወፍራል»

አክሮባት ሪደር ቀጫጭን መስመሮችን ለዓይን ብሎ ያወፍራል፤ «ፕሪፈረንስ» ውስጥ «ፔጅ ዲስፕሌይ» ገብተው «ኢንሃንስ ቲን ላይንስ» የሚለውን ማጥፋት ይቻላል። ከስክሪን ይልቅ ወረቀት ይታመናል፤ ለዚህ ደግሞ ሙሉ ኤ1 ማሳተም አያስፈልግም። ከሌይአውቱ ላይ ደረጃውንና አንድ ልኬት የያዘ የኤ4 መጠን ያለው ቦታ በ«ዊንዶው» ይምረጡ፣ ስኬሉን 1:1 ያድርጉ፣ በተራ ፕሪንተር ያትሙት። ግድግዳው ከልኬቱ ካልተለየ ትልቁን ወረቀት ከማዘዝዎ በፊት ወደ ሲቲቢው ይመለሱ።