አንድ ግቢ፣ ሁለት አውራ፦ የደሴ የጓሮ ዶሮ

ደሴ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ብዙውን ጊዜ ዶሮ አያጣም። መንጋው ትንሽ ነው። አራት አምስት እናት ዶሮ፣ አንድ የበሰለ አውራ፣ ከኋላ የሚንጫጩ ጫጩቶች። ጣጣው ያለው ከጫጩቶቹ መሀል አድጎ በሚወጣው ሁለተኛ አውራ ላይ ነው። ለእርባታ አያስፈልግም፤ ለስምንትና ለአሥር ሴት አንድ አውራ ይበቃል። ታዲያ ለምን ይቀመጣል? ለበዓል ነዋ።

ዶሮዎቹ በአብዛኛው የሀበሻ ናቸው። የሚጠሩትም በላባቸው ነው፦ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ቀይ፣ ነጭ። አንዲት የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ብዙ እንቁላል የፈለገ የፈረንጅ ዶሮ ያስገባል። ኮምቦልቻ የዶሮ ማባዣ ማዕከል ስላለ የፈረንጅ ዶሮ ለአካባቢው ብርቅ አይደለም። የሀበሻዋ ግን ራሷ ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች፣ ጭራ ታበላለች። አንዳንዷ መታቀፉን ትወደውና እንቁላል አልጥልም ትላለች። ያኔ እናቶች ውኃ ይነክሯታል፤ ወይም ለሁለት ሦስት ቀን ጎረቤት ያሳድሯታል። ቦታ ሲለወጥባት ይለቃታል።

ደሴ ጦሳ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ይበርዳል። ስለዚህ ቆጡ ብዙ ጊዜ ማድቤት ውስጥ ነው፣ የምድጃው ሙቀት በሚደርስበት። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ነው፤ እዚያ ሽሎምጥማጥ የማያስገባ ቤት ከተሠራ ውጭም ያድራሉ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ማሽላ፣ የስንዴ ግርድና የእንጀራ ፍርፋሪ ይበተንላቸዋል። ቀሪውን ራሳቸው ጭረው ያገኛሉ። ቀን ላይ የሚፈራው ጭልፊት ነው።

አውራው ሥራ ፈት ይመስላል እንጂ አይደለም። ጥሬ ሲያገኝ ራሱ አይውጠውም። ምንቃሩ ላይ እያነሳ እየጣለ ሴቶቹን ይጠራል። ሰማይ ላይ ጥላ ሲያይ የሚያሰማው ድምፅ፣ ድመት ሲመጣ ከሚያሰማው የተለየ ነው። ለጥቂት ቀን ጆሮ የሰጠ ሰው ይለየዋል።

አሁን ወደ ጠቡ። ከክረምት በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ የተፈለፈለ ወንድ በስድስት ወሩ ገደማ ይጎረምሳል። ቢቆጠር መጋቢት ይሆናል፤ ሁዳዴ መሀል። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ የዶሮ ዋጋ ይወርዳል፤ ባለቤቱም «ለፋሲካ ይድረስ» ብሎ አይሸጠውም። እንግዲህ ጎረምሳው ታገሥ የሚባለው ልክ መታገሥ በማይችልበት ወቅት ነው። የሁዳዴ ጠዋት ያለ ዶሮ ጠብ የማያልፍበት ግቢ ስንት አለ!

እኛ ግቢ ገብስማው አሮጌው፣ ቀዩ ጎረምሳው ነበሩ። ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንገታቸውን ወደ መሬት ያወርዳሉ፤ የአንገታቸው ላባ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል። ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይዞራሉ። ከዚያ ሁለቱም በአንዴ ይዘላሉ፤ ከእግራቸው በስተኋላ ባለችው ሹል ጥፍር ደረት ለደረት ይማታሉ። ቀዩ ተሸነፈ። እንጨት ክምሩ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ ገላውን ውጭ ትቶ ቆመ፤ የተደበቀ መስሎታል። ከዚያ ወዲያ ሌሊት ቀድሞ አይጮህም ነበር። የዶሮ ጩኸት ተራ አለው፤ ፊተኛው ሳይጮህ የበታቹ አይጀምርም።

መፍትሔው ብዙ አይደለም። አንዱን እግሩን በገመድ ማሰር፣ ቅርጫት መድፋት፣ ምግቡን ሁለት ቦታ መበተን። አናቱ የደማውን በጨው ውኃ ማጠብና ደሙ እስኪደርቅ መለየት ግድ ነው። ቀይ ነገር ካዩ ሴቶቹ ራሳቸው ይጠቀጥቁታል።

ከጠቡ የከፋው ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። አንገት ያጣምማል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ በሳምንት ግቢ ያራቁታል። ብዙ ጊዜ የሚገባው ከገበያ በመጣ ዶሮ ነው። ለበዓል ብለን ሰኞ ገበያ ገዝተን ጓሮ የምናስረው አውራ ጠብም በሽታም ይዞ ይመጣል። ለብቻው ማቆየቱን ማንም ያውቃል፣ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ዓይን ላይ በጠብታ የሚሰጥም አለ። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ስድስት ዶሮ ላለው ሰው ብቻውን ማስከፈቱ አያዋጣም። ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ይሻላል።

አውራ መለዋወጥም የቆየ ዘዴ ነው። ጠቡን ያበርዳል፣ የአንድ ቤት ዘርም እርስ በርሱ እንዳይራባ ያደርጋል። ለጎረቤት ሲሰጥ ከነነፍሱ መሆኑ ደግሞ ለወሎ ይመቻል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቢያርድ በየሃይማኖቱ ያርዳል።

የእኛ ገብስማ በዚህ መንገድ ከአጥር ማዶ ሄደ። የጎረቤታችን አውራ በፈንግል ሞቶባቸው ነበር፤ ለእርባታ አስቀሩት። በማግስቱ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቀዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሞ ጮኸ። ከቆርቆሮው ማዶ ገብስማው መለሰለት። እስኪነጋ አልተቋረጡም።