የጀጎል ቀዳዳዎች ይደፈኑ ለሚሉ

በከተማ ፕላን ሙያ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ጅብ በጀጎል፣ በጥንቱ የከተማ ግንብ፣ ቀዳዳዎች በሚገባባት በሐረር ስለ አዲስ ሰፈር ወይም ስለ አዲስ መንገድ በተሰበሰብን ቁጥር አንድ ሰው እጁን ያወጣና «በዚህ ዘመን ጅብ መሃል ከተማ ሲገባ ዝም ብለን እናያለን?» ይላል። ይጨበጨብለታል። እኔም ያንኑ መልስ እደግማለሁ። መድገሙ ስለ ሰለቸኝ እነሆ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ጅብ አንካሳ አይደለም። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ብንልም፣ የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ያዘቀዝቃል እንጂ አያነክስም። አንዱ ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ የሴቷ ብልት ከውጭ ሲታይ የወንዱን ስለሚመስል የተፈጠረ ስሕተት ነው። መንጋውን የምትመራውም ሴቷ ናት። ጥንብ ብቻ ይበላል የሚባለውም እውነት አይደለም። ሃንስ ክሩክ የተባለው ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ሌሊቱን ሙሉ እየተከታተለ ጅቦች አብዛኛውን ምግባቸውን አድነው እንደሚበሉ አሳይቷል። ከተማ ውስጥ አጥንት የሚለቅመው እኛ ስለጣልንለት ነው።

«የሐረር ጅብ ለማዳ ነው፤ ሰው አይነካም» የሚለው ግን ያስቆጣኛል፤ የሚናገሩት የሚወዱት ሰዎች ስለሆኑ ደግሞ ይብስብኛል። ማታ ማታ ከግንቡ በር ውጭ ከሰው እጅ ሥጋ ሲጎርስ ያዩ እንግዶች ይህን ይዘው ይሄዳሉ። እንስሳው የዱር ነው። በራሱ ፈቃድ ይመጣል፣ በራሱ ፈቃድ ይሄዳል። በአሹራ ቀን ገንፎ የሚያቀርቡለት የከተማው ሽማግሌዎች ይህንን ያውቃሉ፤ አክብሮታቸው የሚጀምረው ከዚህ ዕውቀት ነው። ጅብ ደጅ የተኛ ሕፃን ሊገድል ይችላል። «አይነካም» ያለ ሰው መብራትም፣ የልጆች መንገድም፣ በር ያለው በረትም አያስፈልግም ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ «ዘመናዊ ከተማ የዱር እንስሳ የለበትም፤ ቀዳዳው ይደፈን።»

ቀዳዳው የተባለው ወራባ ኑዱል ነው፤ በሐረሪ ቋንቋ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት በጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚያልፍባቸው ዝቅ ያሉ ክፍተቶች አሉ። ጦር የሚመልስ ግንብ ለጅብ መግቢያ አለው። ሰው በበሩ ይገባል፣ ጅብ በቀዳዳው ይገባል፣ ሲነጋ ወጥቶ ወደ ኮረብታው ይመለሳል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት ጫካዎችን በለያየ አውራ ጎዳና ላይ ለእንስሳት ብቻ የሚያገለግል፣ ዛፍ የተተከለበት ድልድይ ስትሠራ የነገው ከተማ ምሳሌ ተብላ ተመሰገነች። መመስገኗ ተገቢ ነው። ታዲያ ያንኑ ሐሳብ በድንጋይ ሠርተው ያቆዩልንን ለምን ኋላ ቀር እንላለን?

ጅቡ ቢወገድ ምን ይከተላል? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በመቀሌ የተደረገ ጥናት፣ በዚያች ከተማ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ሬሳና ተረፈ ምርት እንደሚያነሱ ገምቷል። በስሌቱ መሠረት ይህ በዓመት 5 ሰዎችንና 140 የቤት እንስሳትን ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ይጠብቃል። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ዳይክሎፌናክ የተባለ የከብት መድኃኒት ጥንብ አንሳዎችን ኩላሊታቸውን እያበላሸ ፈጃቸው፤ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት አለቁ። ሬሳው ለባለቤት አልባ ውሾች ተረፈ፣ ውሾቹ በዙ፣ ከውሾቹ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት በዛ። ጅቡን በመርዝ እናጥፋው የሚሉ ይህን ያስቡበት። የተመረዘ ሥጋ የሚበላውን አይመርጥም፤ ጥንብ አንሳውንም፣ ጭልፊቱንም፣ የጎረቤትን ውሻም ይገድላል።

በዓይኔ ያየሁትንም ልንገር። ከግንቡ ውጭ አንድ አዲስ ሰፈር ሲሠራ የጎርፍ መውረጃው ሸለቆ በድንጋይ አጥር እንዲዘጋ ተወሰነ። ሸለቆው የጅቦች መተላለፊያ መሆኑን በጽሑፍ አሳውቄ ነበር፤ «ጅብ ፕላን አያነብም» ተባልኩ። አጥሩ ካለቀ በኋላ ጅቦቹ ዞረው ልጆች ማለዳ ወደ ቁርኣን ትምህርት የሚሄዱበትን ጠባብ መንገድ ያዙ። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ጎህ ሲቀድ ፊት ለፊት ገጠመው፣ ደንግጦ ሲሮጥ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ጅቡ አልነካውም፤ ግን የልጁን እናት ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አጥሩ ሁለት ሜትር ያህል ተከፈተ። በሳምንታት ውስጥ ጅቦቹ ወደ ሸለቆው ተመለሱ፣ መንገዱም ለልጆቹ ተለቀቀ።

ስለዚህ ቤት ለምትሠሩና ፕላን ለምታጸድቁ ሁሉ የምለምነው ይህ ነው። ሸለቆዎችንና የጎርፍ መውረጃዎችን አትዝጉ፤ ውኃውም ጅቡም በዚያው ያልፋል። ዋሻ ያለበትን ኮረብታ ለቤት አትምሩት፤ «ጅብ መጣብን» የምንለው ብዙ ጊዜ እኛ ሄደንበት ነው። መብራቱን በልጆች መንገድ ላይ አብሩ፣ ሸለቆውን ጨለማ ተዉት። የቄራ ተረፈ ምርት ከመኖሪያ ሰፈር ይራቅ፤ ነገር ግን በአንድ ቀን አይቋረጥ። በሰሜን ኢትዮጵያ በዐቢይ ጾም የሥጋ ትራፊ ሲቀንስ ጅቦች አህያ ወደ መብላት ማዘንበላቸው በጥናት ታይቷል። አህያና ፍየል ማታ በር ባለው በረት ይደሩ።

መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት ደግሞ ከሰፈሩ ዘበኛ ጋር አንድ ሌሊት አምሹ። ጅቡ በየት እንደሚገባ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ የትኛው አጥር ጥግ ላይ ቆሞ እንደሚያሸት በጣቱ ያሳያችኋል። ያንን መስመር ካርታው ላይ አስምሩት፣ ቤቱን ከዚያ ወዲህ ሥሩ።