«ድነሻል ካሉኝ ለምን ይጠሩኛል?» ስለ ካንሰር ክትትል የምንሳሳታቸው ነገሮች

እህቴ የመጨረሻውን ኬሞ የወሰደች ቀን ሁላችንም «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» እያልን አቀፍናት። የእሷ ዓይን ግን የተሰጣት ወረቀት ላይ ነበር። ከ3 ወር በኋላ ተመለሺ ይላል። «ድነሻል ካሉኝ ለምን ይጠሩኛል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀጠሮ አብሬያት ገብቻለሁ። ተራ ስንጠብቅ የሰማኋቸው፣ እኔም አምናቸው የነበሩ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ሰውን በእውነት ይጎዳሉ። አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ሕክምናው ካለቀ ነገሩ አለቀ»

አላለቀም። ይህ ግን ሐኪሙ የደበቃችሁ ነገር አለ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች የሚያገረሹ ከሆነ በብዛት የሚያገረሹት በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ነው። ቀጠሮው መጀመሪያ ላይ የሚቀራረበው ለዚህ ነው። ለምሳሌ ከጡት ካንሰር በኋላ እስከ 3ኛው ዓመት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ በ4ኛውና በ5ኛው ዓመት በየ6 እስከ 12 ወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ መታየት የተለመደ ነው። የሌላው ካንሰር እንደ ዓይነቱና እንደ ደረጃው ይለያያል። ቀጠሯችሁ ከሌላ ሰው ጋር ባይገጥም አትደንግጡ።

«ስካን ካላነሱኝ አላዩኝም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ከፍቶት የሚወጣው በዚህ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደው አድሮ ይመጣል። ሐኪሟ ትጠይቀዋለች፤ አንገቱንና ብብቱን ትዳስሳለች፤ ሆዱን ጫን ጫን ታደርጋለች፤ ደረቱን ታዳምጣለች። «ደህና ነህ» ትለዋለች። በቃ። ሲወጣ «ምንም አላደረጉልኝም» ይላል።

ያ መጠየቅና መዳሰስ ግን ራሱ ምርመራ ነው። እጇ የሚያርፈው ያ ካንሰር ተመልሶ ሊታይባቸው በሚችሉ ቦታዎች ላይ ነው። ጥያቄዎቿም እንደዚያው።

«ሲጨመር ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው በጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤታቸው የታተመ ሁለት የጣሊያን ጥናቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ለጡት ካንሰር የታከሙ ከ1,200 በላይ ሴቶችን ይዘው ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ከመደበኛው ክትትል በላይ የአጥንት ስካንና የደረት ራጅ በየጊዜው ይነሳ ነበር። ሌላው ሐኪም እያየው ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ብቻ ይነሳል። በሕይወት በመቆየት በኩል በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ዛሬም ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ከሐኪም ምርመራ ጋር የሚመከረው በዓመት አንዴ ማሞግራም ነው። ሲቲ ስካን ጨረር አለው። ደግሞም ምንም ያልሆነች ነጥብ አሳይቶ ናሙና እስኪወሰድና ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ቤተሰብ ሙሉ ሊያስጨንቅ ይችላል።

ስካን የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ከታከመ በኋላ ሲቲ ስካን፣ ሲኢኤ የሚባል የደም ምርመራና ከቀዶ ሕክምናው 1 ዓመት ገደማ በኋላ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን ከውስጥ በካሜራ ማየት) ይታዘዛል። ምክንያቱም ካንሰሩ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ሄዶ ከሆነ፣ በጊዜ ሲደረስበት አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ «ለእሷ ሲታዘዝ ለእኔ ለምን ቀረ» ብላችሁ ከማዘን ሐኪሙን ጠይቁት፦ «ለእኔ የሚጠቅመው ምርመራ የቱ ነው? ለምን?»

«ደሜ ሁሉንም ይናገራል»

ለአንዳንዱ ካንሰር ደም ብዙ ይናገራል። በካንሰር ምክንያት ፕሮስቴቱ (ከወንዶች ፊኛ ሥር ያለው ዕጢ) በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ፒኤስኤው፣ ማለትም ፕሮስቴት የሚያመነጨው በደም የሚለካ ፕሮቲን፣ ሊታይ እስከማይችል ድረስ መውረድ አለበት። በጨረር የታከመ ግን ቀስ እያለ ነው የሚወርድለት። አንዳንዴ ካንሰሩ ሳይመለስም ትንሽ ከፍ ብሎ መልሶ ይወርዳል። በአንድ ቁጥር ብቻ እንቅልፍ አትጡ፤ ሐኪሙ የሚያየው አካሄዱን ነው። ለብዙ ሌሎች ካንሰሮች ደግሞ ለክትትል የሚያገለግል እንዲህ ያለ የደም ምርመራ የለም።

«አዲስ ነገር ካየሁ ቀጠሮዬ ሲደርስ እናገራለሁ»

እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። ያገረሸ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በሁለት ቀጠሮ መሃል፣ ሰውየው ራሱ ባየው ለውጥ ነው። አዲስ እብጠት፣ ያልታሰበ ክብደት መቀነስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መድማት፣ ከ2 ሳምንት በላይ ያልለቀቀ ሳል ወይም ሕመም ካለ ደውሉና ቀጠሮውን አስቀድሙ። አንድ ቀን እንኳ የማይሰጣቸውም አሉ። የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም ሽንት ካለመቆጣጠር ጋር ከመጣ፣ ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ከባድ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከሆነ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው። ኬሞ ከወሰዱ ገና ሳምንታት የሆናቸው ሰዎች ደግሞ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካዩ እንደዚያው።

እህቴ አንዴ ጎኗን አሟት 3 ሳምንት ደበቀችኝ። ስደርስባት «አታሟርቺብኝ» አለች። የጡንቻ ሕመም ነበር። አብዛኛው ሕመም እንዲህ ተራ ነገር ሆኖ ይገኛል። ያን ሁሉ ሌሊት ግን ብቻዋን ፈርታ አድራለች።

«ዋናው መዳኔ ነው፤ ሌላውን መቻል ነው»

ሆድ ይፍጀው ማለት እዚህ ቦታ አይሠራም። ክትትሉ ሕክምናው ጥሎት ያለፈውንም ለማየት ነው። የእጅና የእግር ጣት መደንዘዝ፣ ተኝተው የማይወጣ ድካም፣ መርሳት፣ ከብብቷ የሊምፍ ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና የወጡላት ሴት የክንድ ማበጥ፣ ያለጊዜው የወር አበባ መቋረጥ፣ የአጥንት መሳሳት፣ ይህ ሁሉ መነገር አለበት። ዶክሶሩቢሲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት ከዓመታት በኋላም ልብን ሊያደክም ይችላል። አንገቱ ላይ ጨረር የተደረገለት ሰው የታይሮይድ ሆርሞኑ ሊቀንስ ይችላል። ይህኛው በቀላል የደም ምርመራ ታውቆ በእንክብል ይታከማል። የክንድ ማበጥም ገና ሲጀምር ቢነገር ይሻላል።

የትዳር አልጋ ነገርም ይነሳ። መድረቅ፣ ሕመም፣ አለመፈለግ፣ አለመቻል ከሕክምናው ሊመጡ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም መላ አላቸው። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ጀምሩት።

«የሚፈራ ሰው እምነት የጎደለው ነው»

እህቴ ቀጠሮዋ ሲቃረብ ትነጫነጫለች፤ ምግብ አይበላላትም። አሁን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንቆጣትም። ሰው እያመነም ይፈራል። ፍርሃቱ እንቅልፍ ከነሳችሁ ወይም ቀጠሮ እስከማስቀረት ከደረሰ ለሐኪሙ ንገሩት። የምክር አገልግሎት በዚህ ይረዳል።

«5 ዓመት ከሞላኝ ነፃ ነኝ»

ለብዙ ካንሰሮች ከ5 ዓመት በኋላ ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። ሆርሞን የሚያሳድገው የጡት ካንሰር ግን ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። የሆርሞን እንክብሉ ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚወሰደው ለዚህ ነው። ደህና ነኝ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡት። ካስቸገራችሁ ሐኪሙ ሊቀይረው ይችላል።

እህቴ አንድ ደብተር አላት። መጀመሪያው ገጽ ላይ የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ፣ የወሰደቻቸው መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ ጨረር የተደረገላት ቦታና ቀኑ ተጽፏል። ሐኪም ሲቀየር የሚያስፈልገው ይህ ነው። የሕክምና ማጠቃለያ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ቀጠሮ ከመድረሱ ሳምንት ቀደም ብላ ደግሞ የሚሰማትን ሁሉ ትጽፋለች። ከላይ የምታስቀምጠው በጣም የምታፍርበትን ነው፤ ሰዓት ሳያልቅ እሱ ይነገራል።