ከዩሪያው ስንቱ እህል ሆነ? የማዳበሪያ አጠቃቀም ልኬት በጎንደር ማሳዎች

የማዳበሪያ አጠቃቀም ብቃት ማለት ማሳ ላይ ከተጨመረው ንጥረ ነገር ሰብሉ ስንቱን ወስዶ ምርት እንዳደረገው የሚለካበት መንገድ ነው። ጎንደር ላይ ጥያቄው ከባድ ነው። የደምቢያ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። አፈሩ አየር ሲያጥረው ባክቴሪያዎች ናይትሮጂኑን ጋዝ ያደርጉትና በኖ ይሄዳል። ወደ ደጋው፣ ወደ ዳባት ሲወጡ ደግሞ ተዳፋቱን ጎርፍ ያጥበዋል። ገበሬው ለዩሪያ የከፈለው ብር በከፊል እንዲህ ይቀራል።

ይህን ለመለካት ማሳው በትንንሽ መደቦች ተከፍሎ ሙከራ ይደረጋል። በሙከራው ትልቁን ሥራ የሚሠራው ዩሪያ ያልነካው መደብ ነው። ፎስፈረሱና ሌላው ለሁሉም መደብ እኩል ይሰጣል፤ እዚህ የሚጎድለው ናይትሮጂን ብቻ ነው። መልኩ ያሳዝናል፤ ቢጫና ድንክ ነው። ባለማሳው አዝኖለት እፍኝ ዩሪያ ከበተነበት ግን ሙከራው አበቃለት።

ስሌቱ ቀላል ነው። 100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለ። ለምሳሌ በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ ያገኘው ጤፍ 20 ኩንታል፣ ያላገኘው 14 ኩንታል ሰጠ እንበል። ልዩነቱ 600 ኪሎ ነው። ለ46 ሲካፈል፣ እያንዳንዱ ኪሎ ናይትሮጂን 13 ኪሎ ያህል ጤፍ ጨምሯል ማለት ነው። ጠቅላላውን 20 ኩንታል ለ46 የሚያካፍሉም አሉ። 43 ያህል ይወጣል፤ ያምራል፣ ግን አፈሩ በራሱ ያበቀለውንም ለዩሪያው ያስመዘግብለታል።

ሰብሉ ምን ያህል እንደወሰደ ለማወቅ ፍሬውም ገለባውም ደርቆ፣ ተፈጭቶ ናይትሮጂኑ በላቦራቶሪ ይለካል። አውድማ ላይ ነፋስ የወሰደው፣ ከብት የቀመሰው ገለባ ሁሉ ውጤቱን ያጎድላል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ግምት የእህል ሰብሎች በዓለም ደረጃ ከሚጨመረው ናይትሮጂን 33 በመቶውን ብቻ እንደሚይዙ አስልቷል። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፦ የማዳበሪያው መጠን ሲያንስ ብቃቱ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ አፈሩ ከጎተራው እያወጣ ስለሚሸፍን ነው።

ሚዛኑ ላይ ቀልድ የለም። ዳር ዳሩ ተትቶ የሚታጨደው መሃል 10 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ 100 ግራም ስህተት በሄክታር አንድ ኩንታል ይሆናል። መደቦቹ ሦስት አራት ጊዜ የሚደጋገሙትም ለዚህ ነው። ጠዋት በጤዛ የታጨደም ቢሆን የፍሬው እርጥበት ይለካል፤ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ወደ 12.5 በመቶ ተስተካክሎ ነው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው።